ስንቅ ሲያልቅ የትኛውን በር እናንኳኳ?

(በደብረ ታቦር ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

የንግግሬን ርዕስ ስናገር ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ በፀረ ኤድስ ክበብ ስለ ስንዴና ዘይት ምን ያስወራናል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከእናንተው ኑሮ ልጀምር።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ከገጠር መጥታችሁ፣ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ አንዲት ክፍል ተከራይታችሁ የምትማሩ ናችሁ። አርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተሰብ ትሄዳላችሁ፤ እሁድ ደግሞ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውንና ቆሎውን ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። ደህና ዓመት ከሆነ ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል፤ አርብን እየተሳሳቃችሁ በቆሎ ታሳልፋላችሁ። ዝናቡ የቀረ ዓመት ግን ስንቁ ማክሰኞ ያልቃል። ከዚያም ጭራሽ መምጣቱ ይቀራል። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ የቀን ሥራ ፍለጋ ይወጣል። አንዷን ልጅ ደግሞ ምሳ የሚጋብዝ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል «ዘመድ» ይመጣላታል። የዚያ ምሳ ሒሳብ የሚጠየቀው በኋላ ነው።

እኛ መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም እያልን ለብዙ ዓመት አስተምረናል። ትምህርቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ ያልበላች ልጅ «አይሆንም» ለማለት ጉልበቱን ከየት ታምጣው? ስለዚህ ስለ ምግብ እርዳታ ማወቅ ራስን ከቫይረሱ የመከላከል አንዱ ክፍል ነው።

እርዳታ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በጆንያ ያለ ስንዴ ብቻ ነው። እኔ በሥራዬ ምክንያት በጋይንትና በስማዳ ቀበሌዎች ለዓመታት ስመላለስ ያየሁት ግን የእርዳታ በሩ ብዙ መሆኑን ነው። እያንዳንዱ በር ለሌላ ዓይነት ረሀብ የተሠራ ነው። የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያላወቀ ሰው ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ «በሩን እኔ አስከፍትልሃለሁ» በሚል ሰው እጅ ይወድቃል። እስቲ በሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ የጎረቤት በር

ከሁሉም የቆየው ይህ ነው። ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ አቋቋም ለመማር ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣው ተማሪ ከሩቅ አገር ተነስቶ፣ ምንም ገንዘብ ሳይዝ ነበር። የሚያኖረው በየደጁ የሚሰጠው ቁራሽ እንጀራ ነው። «የቆሎ ተማሪ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚሁ ከሚበላው ነገር ነው። እንግዲህ ይህ አገር የተማሪን ስንቅ ማኅበረሰቡ እንዲሸፍን ያደረገው ማንም ድርጅት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ሰንበቴውም አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላው ሲቀርብ ችግረኛውም አብሮ ይበላል። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ በረመዳን መጨረሻ፣ ከኢድ ሶላት በፊት፣ በቤተሰቡ አባላት ቁጥር ልክ እህል ሰፍረው ለድሃ ይሰጣሉ፤ ዘካተል ፊጥር ይባላል። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በጨረሰበት በ1990ዎቹ፣ በከተሞች አንዳንድ እድሮች ለቀብር ብቻ መገናኘቱን ትተው ለታመሙትና ወላጅ ላጡ ልጆች ማዋጣት ጀምረው ነበር።

የከተማችን ስም የቡሄም በዓል ስም ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ነው። በዚያ ቀን ልጆች እየጨፈሩ በየቤቱ ሲዞሩ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። ልጁን «ለማኝ» ያለው ሰው አለ? የለም። መስጠትና መቀበል ሰውን ሳያሳንስ ሊሆን እንደሚችል ከልጅነታችሁ ጀምሮ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

የዚህ በር ችግር ግን አንድ ነው። ጎረቤትህ የሚረዳህ እሱ ካለው ነው። በረዶው የአንተን ገብስ ሲያጠፋ የጎረቤትህንም አብሮ ያጠፋል። መንደሩ በሙሉ ሲቸገር ከመንደሩ ውጭ የሚመጣ እርዳታ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ የዕለት ደራሽ እርዳታ

ይህ ድንገት ለመጣ አደጋ ነው፤ ለድርቅ፣ ለጎርፍ፣ ለጦርነት። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ምክንያት በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ጋይንት በደረሰ ጊዜ የተፈናቀለው ሕዝብም ያስፈለገው ይኸው ዓይነት እርዳታ ነው። የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነው። ተረጂው የሚከፍለው ነገር የለም፤ ጊዜው ግን የተወሰነ ነው።

ይህን እርዳታ እንዴት መስጠት እንደሚገባ አገራችን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። በ1977ቱ ረሀብ እዚሁ እብናት ላይ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ነበር። ገበሬው እርሻውን፣ ቤቱንና ዘሩን ትቶ መጠለያው ውስጥ ተጠጋግቶ ሰፈረ። እንዲህ በታጨቀ መጠለያ ከረሀቡ ሌላ በሽታውም ሰው ይጨርሳል። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎች ከመጠለያው በኃይል እንዲወጡ ተደረገ። በእግራቸው መሄድ የማይችሉ ሰዎች ነበሩበት። አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሚያስታውስ አይጠፋም። የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ እህሉ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወደ እህሉ አይሂድ።

ሌላም ልጨምር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. እህል ለታለመለት ሰው ሳይደርስ እየተዘረፈ ነው በሚል ምክንያት የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ስርጭታቸውን ለወራት አቋርጠው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ያ የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ተዘጋ። እህሉን የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ! ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ከውጭ ሊቆም እንደሚችል ያየነው በዚህ ነው።

ሦስተኛ፦ ሴፍቲኔት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የሚወራው ስለዚህ ነውና።

ድንገተኛ አደጋ ሳይኖርም በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ አለ። መሬቱ ጠቧል፣ ተሸርሽሯል፤ የሚመረተው ከዓመት ዓመት አያደርስም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ በየዓመቱ «አደጋ ደርሷል» እያሉ እርዳታ መለመን አላዋጣም። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ከዞናችን ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በዚሁ ዞን ውስጥ የፎገራ ሜዳ ሩዝ እያመረተ ወደ ሌላ አካባቢ ይልካል። ልዩነቱን ያመጣው ውሃና አፈር ነው። የጋይንት ገበሬ ሰነፍ ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ በዚያ ገደል ላይ የተሠራውን እርከን ሄዶ ይይ።

ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ምንጭ ያጎለብታል። ስሌቱ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ነው። የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል ወይም የእህሉ መግዣ ገንዘብ ያስገኛል፤ በወር 15 ኪሎ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ የቀኑ ክፍያ በገንዘብ 6 ብር ነበር፤ ከዚያ በኋላ እየተሻሻለ ሄዷል። ሁለተኛው ክፍል ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ለረጅም ጊዜ የታመሙ ሰዎች፣ የሚሠራላቸው ሰው ከሌለ ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝና ለመሥራት አቅም ያነሳቸውም በዚሁ ይካተታሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ያርፋሉ።

ሁለት ነገር አስምሩበት። አንደኛ፣ ልጆች በወላጆቻቸው ፋንታ አካፋ ይዘው እንዲሰለፉ አይፈቀድም። «ዛሬ የአባቴ ተራ ስለሆነ ከክፍል ቀረሁ» መባል የለበትም። ሁለተኛ፣ የሚታቀፈውን ሰው አንድ ሹም ብቻውን አይመርጥም። ማኅበረሰቡ በተወካዮቹ ይለያል፣ ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ ቅር ያለው ሰው ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል።

ይህ ለምን አስፈለገ? አንድ የማውቀውን ታሪክ ልንገራችሁ። ቦታውንም ስሙንም አልጠራም። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ ራሷም የታመመች ናት። አንድ ሰው ልጅቷን «የእናትሽን ስም መዝገብ ላይ አስገባለሁ፤ ማታ ነይና እንነጋገር» አላት። ልጅቷ አልሄደችም። ለስም ጠሪ መምህርቷ ነገረቻት። መምህርቷም እኔን ጠየቀችኝና «ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት መነበብ አለበት፤ ስብሰባው ላይ ተገኙ» አልኳት። እናትና ልጅ ሄዱ። ዝርዝሩ ሲነበብ የእናትየው ስም አለበት። ከተጻፈ ሁለት ሳምንት አልፎታል! ያ ሰው ሊሸጥላት የፈለገው የራሷኑ ነበር። በኋላ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ቀርቦ ሰውዬው ከኮሚቴው ተነስቷል።

ልጅቷን ያዳናት ሁለት ነገር ነው፤ የምታምነው ሰው መኖሩና የበሩን ሕግ የሚያውቅ ሰው መገኘቱ። እርዳታ በገላ አይገዛም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ የተጠየቀችው ልጅ ምንም የምታፍርበት ነገር የለም።

አራተኛ፦ የጤና ጣቢያው ምግብ

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመር በዚያው ዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም በነፃ መሰጠት ጀመረ። ብዙ ሰው ከአልጋው ተነሳ። ነገር ግን ሰውነቱ እጅግ የከሳ ሕመምተኛ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፤ ከሳምባ ነቀርሳ ጋር የሚታገል ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በጤና ተቋም ተመዝኖ፣ ክንዱ ተለክቶ፣ በምግብ እጥረት መጎዳቱ የታወቀ ሰው ምግብን እንደ መድኃኒት በትእዛዝ እንዲወስድ ተደረገ። ከእነዚህ ምግቦች የምታውቁት ፕላምፒ ነት ነው። ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድናት የሚሠራ ሲሆን አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በአገራችንም ይመረታል።

ይህ ምግብ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ነው። ለአምስት ወንድምና እህት ቢካፈል ማንንም አያድንም። እናት አንጀቷ አልችል ብሎ ታካፍላለች፤ አልፈርድባትም። ግን አምስቱም ከተራቡ የቀሩት አራት ልጆች ሌላ በር ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በሮቹን መለየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ፕላምፒ ነት ይዞ የሚሄድ ሰው ስታዩ «ይሄ ሰው ኤች አይ ቪ አለበት» ብላችሁ አትደምድሙ። ከረጢቱ የሚሰጠው በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሰው ነው፤ ምንም ሕመም የሌለበት የሁለት ዓመት ሕፃን ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ይሰጠዋል። ቫይረሱ በደሙ የሚገኝ ሰው ቢሆንስ? ምን ነውር አለው? በእኛ ሹክሹክታ ምክንያት ያንን ከረጢት በጨለማ የሚወስዱ፣ አፍረውም ጭራሽ የሚቀሩ ወገኖች አሉ። መገለልና መድልዎ ሰው ፊት የተዘረጋን ምግብ ይነጥቃል።

ሌላ ብዙ ጊዜ የምሰማው ነገር አለ፤ «እህል ስለሌለኝ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ፤ በባዶ ሆድ ይጎዳል» የሚል። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ ኪኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰድ ይችላል። የየራሳችሁን መድኃኒት ለጤና ባለሙያ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ ግን አታቋርጡ። እቤታችሁ እንዲህ የሚል አባት ወይም እናት ካለ ዛሬ ማታ ይህንን ንገሩልኝ።

አምስተኛ፦ የትምህርት ቤት ምገባ

የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአገራችን ትምህርት ቤቶች ምገባ የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በራሱ በጀት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ። ሕፃኑ ምግቡን ሲያገኝ ከክፍል አይቀርም፤ ሆዱ ሲሞላ ጆሮው ይከፈታል።

አሁን «እኛስ?» ማለታችሁ አይቀርም። እውነቱን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤት ምገባ በብዛት ያተኮረው በአንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ሴፍቲኔቱ የቤተሰባችሁን ራሽን የሚሰጠው እዚያው ቀበሌያችሁ ነው። ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ለተጎዳ ሰው ነው። ከገጠር መጥቶ ከተማ ተከራይቶ የሚማር ልጅ በበሮቹ መካከል ደጅ ላይ ቀርቷል። ይህ የናንተ ጥፋት አይደለም፤ መታወቅ ግን አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቤተሰባችሁ በሴፍቲኔት ወይም በዕለት ደራሽ ከታቀፈ፣ እናንተ በቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ ተመዝግባችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ራሽኑ በሰው ልክ ስለሚሰፈር «ልጁ ከተማ ነው» ተብሎ ስማችሁ ተዘሎ ከሆነ፣ ወላጅ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም እርዳታ ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ። ለማን ነው? ምን ያህል ነው? እስከ መቼ ነው? ከእኔስ ምን ይጠበቅብኛል? ትክክለኛ እርዳታ የአራቱም መልስ በሰው ፊት ሊነገር ይችላል። አራተኛው መልስ በምስጢር፣ በማታ፣ ለብቻ የሚነገር ከሆነ ያ እርዳታ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ክበባችሁ የስንቅ ደቦ ያቋቁም። ለእርሻና ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ ሕዝብ ልጆች ናችሁ። ከየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ጣሳ ቆሎ ወይም በሶ ለጋራ ይቀመጥ። አንድ የምታምኑት መምህር ይያዘው፤ ስንቁ ያለቀበት ልጅ ስሙ ሳይጠራ ይውሰድ። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነው። የከተማው ልጆችም እጃችሁን አስገቡ፤ እናቶቻችሁ አንድ ጣሳ ሽሮ አይከለክሏችሁም።

አራተኛ፣ አጠገባችሁ የምትቀመጠው ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ «አልራበኝም» እያለች ሦስት ቀን ከደጋገመች፣ ዝም አትበሉ። አትጠይቋት፤ አብራችሁ ብሉ። ከዚያ በኋላ ለመምህር ንገሩ።

የያዝኩት ሰዓት አልቋል። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፤ በሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ በክበባችሁ የጥያቄ ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ስም አያስፈልግም። ሁሉንም አነባለሁ።